አራተኛው ማንኪያ

«ትተውታል ማለት ነው» አለች ናዝሬት ከኮምፔንሳቶው ማዶ። «ይኸው አዲሱን ጣሳ ዛሬ ሰኞ ልከፍተው ነው። ያለፈውም ሳምንት፣ ከዚያ በፊት ያለውም እሑድ ድረስ ቆይቷል። ሰምተውን ነው እንጂ በአንድ ጊዜ እንዲህ ልክ አይገባም ነበር።» ባሏ ግዛቸው ጫማውን እያሰረ ሳይሆን አይቀርም፣ ካጎነበሰ ሰው በሚወጣ የታፈነ ድምፅ «ከተዉት ተዉት፣ በቃ፤ አታንሺው» አላት። ከዚያ ስለ ታክሲ ሰልፍና ሊያልቅ ስለደረሰው የመብራት ካርድ ማውራት ያዙ።

እትዬ ሙሉ ከግድግዳው ወዲህ፣ አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው የአምስት ወር ተኩል የልጅ ልጃቸውን የኖህን ሽንት ጨርቅ እየቀየሩ ነበር። እጃቸው ባለበት ቀረ። ልጁ እርቃኑን ሆኖ ጣሪያውን እያየ ይፍጨረጨራል። ግድግዳ ማለት ለዚያ ነገር ክብር መስጠት ነው እንጂ ሟቹ ባለቤታቸው የቀበሌዋን አንድ ክፍል ሁለት ለማድረግ የመቱት ስስ ጣውላ ነው፤ በጣውላው ላይ ጋዜጣ፣ በጋዜጣው ላይ የግድግዳ ወረቀት፣ በወረቀቱ ላይ ደግሞ ናዝሬት በሙሽርነቷ ጊዜ የቀባችው ክሬም ቀለም አለበት፤ ይህ ሁሉ ተደራርቦም አንዲት ሳል አያስቀርም። አርባ ዓመት በኖሩበት ቤት፣ በራሳቸው አልጋ ላይ ቁጭ ብለው፣ ሌብነት ማቆማቸው ሲመሰከርላቸው ሰሙ።

ከሦስት ሳምንት በፊት የሰሙት ይሻል ነበር። ያ ቢያንስ ክስ ነው፤ ክስ ደግሞ መልስ ይሰጠዋል። «የልጁን ወተት እየጠጡት ነው» ነበር ያለችው ናዝሬት፤ የተናገረችው በቁጣ አለመሆኑ ነገሩን አከፋው። «ሰባት ቀን የሚቆይ ጣሳ ዓርብ ላይ እየተገባደደ ነው፤ ቅዳሜ ጠዋት ማንኪያው ታች ይነካል። ቤት የሚውሉት እሳቸው ናቸው። ሻያቸው ላይ ጣል ያደርጋሉ መሰለኝ። እርጅና ነው፣ ይርባቸዋል፣ አልፈርድባቸውም፤ ግን የልጄ ነው።» ዐቢይ ጾም ከገባ ሁለተኛ ሳምንቱ ነበር። እትዬ ሙሉ በጾም ወተት ቀርቶ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ውኃ የማይቀምሱ ሴት ናቸው፤ የጡጦውን ሙቀት እንኳ የሚለኩት ቀምሰው ሳይሆን ክንዳቸው ላይ ጠብ አድርገው ነው። ናዝሬት ያደገችው በፕሮቴስታንት ቤት ስለሆነ የጾሙ ነገር በሐሳቧም አልመጣ ይሆናል፤ እሷን ይቅር ብለዋታል። ግዛቸው ግን በእናቱ ጀርባ ላይ ሆኖ ቅዳሴ እየሰማ ያደገ ልጅ ነው። «ጾም እኮ ነው» የምትል አንዲት አጭር ነገር ከአፉ ትወጣለች ብለው ጆሯቸውን ጣውላው ላይ አስደግፈው ጠበቁ። «እስቲ ቀስ ብዬ አናግራታለሁ» አለ ግዛቸው። አላናገራቸውም።

መጠየቅ ይቻል ነበር። በማግስቱ ሁለቱንም ቁጭ አድርጎ «ሰምቻችኋለሁ፤ እኔ ነኝ ወይ የልጃችሁን ወተት የምሰርቀው?» ማለት ይቻል ነበር። ሌላ ሴት ብትሆን ትለው ነበር፤ ጎረቤት ጠርታ ትምል ትገዘት ነበር። እትዬ ሙሉ ግን ስማቸው ከዚህ ዓይነት ነገር ጋር አብሮ መነሳቱ ራሱ የሚያሳፍራቸው፣ ያልሠሩትን ለማስተባበል አፍ መክፈት የሠሩትን ከማመን የማይሻላቸው ሰው ናቸው። ኩራት ነው፤ ሌላ ስም የለውም። ስለዚህ መልሱን በሥራ ሊሰጡ ቆረጡ። መጀመሪያ እጄ እየደፋ ይሆናል ብለው ጣሳው ውስጥ ያለችውን ትንሿን የፕላስቲክ ማንኪያ በቢላዋ ጀርባ እያስተካከሉ መስፈር ጀመሩ። ጣሳው ያም ሆኖ ከቅዳሜ አላለፈም። ናዝሬት መመሪያውን አንብባ በወረቀት ጽፋ ግድግዳው ላይ የለጠፈችው፣ ለአንድ ጡጦ አራት ማንኪያ ነው፤ በቀን ሦስት ጡጦ፣ ቅዳሜንና እሑድን ጨምሮ የጡጦው ጉዳይ የአያትየው ነው። ከአራቱ አንዱን ማንኪያ ቢያስቀሩ ጣሳው እሑድ ማታ ይደርሳል። ለአንድ ሳምንት ብቻ፣ ነገሩ እስኪበርድ። ሦስት ማንኪያም ቢሆን ወተት ነው፣ እኔ ልጆቼን ያሳደግኩት በአብሽ ውኃ ነው፣ አሉ ለራሳቸው።

ጣሳው እሑድ ደረሰ። በሚቀጥለው ሰኞ ወደ አራት ቢመለሱ ደግሞ ዓርብ ይገባደድና «ይኸው እንደገና ጀመሩ» ሊባል ነው፤ ስለዚህ ሁለተኛውም ሳምንት በሦስት ማንኪያ አለፈ፣ ሦስተኛውም። ልጁ ከሰዓት በኋላ ማልቀስ አመጣ፤ ጥርስ ሊያወጣ ነው አሉ። ጡጦውን ጨርሶ ባዶውን ሲስብ፣ አመሉ ነው አሉ። ሰው ራሱን ሲያታልል ቃል አያጥረውም፤ እትዬ ሙሉም በዚህ በኩል ከማንም አያንሱም ነበር።

ናዝሬት ዛሬ ፊቷ ፈክቷል። መገናኛ አካባቢ ባለ አንድ የጥሪ ማዕከል ቀኑን ሙሉ የሰው እሮሮ በጆሮዋ ስትሰማ የምትውል ልጅ ናት፤ ጠዋት ጠዋት ብዙ አትናገርም። ዛሬ ግን አዲሱን ጣሳ ከፍታ፣ የላዩን ብልጭልጭ ወረቀት ልጣ፣ ልጇን ካጠባች በኋላ እቅፋቸው ውስጥ መለሰችው። «እማማ፣ ዛሬ የሚዛን ቀኑ ነው፤ ካርዱን እንዳይረሱት። ማታ ስመጣ ደግሞ የኦቾሎኒ ቅቤ አመጣልዎታለሁ፤ ሰውነትዎ ተጎድቷል» አለችና ትከሻቸውን አቅፋ ሳመቻቸው። ሦስት ሳምንት ሙሉ አልሳመቻቸውም ነበር። ምሕረት ማድረጓ ነው። «እግዜር ይስጥልኝ ልጄ» አሉ እትዬ ሙሉ። የሊፍት ጠጋኙ ግዛቸውም የመፍቻ ቦርሳውን ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ፣ ዓይናቸውን ሳያይ «በይ እማዬ፣ ደኅና ዋይ» ብሎ ወጣ።

ከቁስቋም ቁልቁለት እስከ ሽሮ ሜዳ ልጅ አዝሎ መውረድ ለስልሳ ስምንት ዓመት ጉልበት ቀላል አይደለም። ሱቆቹ ገና እየተከፈቱ፣ ጋቢና ነጠላው በየበሩ እየተሰቀለ ነበር። እትዬ ሙሉ ለዚህ ሰፈር ሸማኔዎች ፈትል ፈትለው ስለሚያቀርቡ የማያውቃቸው የለም፤ በየደጁ «ልጁ አደገ፣ አደገ» እየተባለ ታለፈ። ጥለት የምትሸጠው አንዷ ብቻ ከአንቀልባው የወጣውን እግሩን ጨበጥ አድርጋ «ምነው ቀለል አለ?» አለች። «ጥርስ ነው» አሏት፣ ሳይቆሙ።

ጤና ጣቢያው ውስጥ አግዳሚ ወንበሩ በእናቶች ሞልቷል። ወሬው ሁሉ ዋጋ ነው፤ ዘይቱ ስንት ገባ፣ ዳይፐሩ ስንት ገባ። አንዷ ልጇን ቀን ቀን በጨርቅ እያዋለች ዳይፐሩን ለሌሊት ብቻ እንደምታደርግለት ታወራለች። እትዬ ሙሉ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የወፍራም ሕፃን ሥዕል ላለማየት በበሩ በኩል ዞረው ተቀመጡ። ተራቸው ሲደርስ ሲስተር መሠረት ልጁን ቁምጣ የመሰለ ጨርቅ ውስጥ አስገብታ፣ ሥጋ ቤት እንደሚታየው ያለ ክብ ሚዛን ላይ አንጠለጠለችው። ቀስቱ ወዲያ ወዲህ ብሎ ቆመ። ሲስተሯ ካርዱን አየች፣ ሚዛኑን አየች፣ ልጁን አውርዳ እንደገና ሰቀለችው።

«ስድስት ከሰባት መቶ» አለች። «ባለፈው ወር ስድስት ከስምንት መቶ ነበር። በዚህ ዕድሜ ግማሽ ኪሎ መጨመር ሲገባው ቀንሷል። ምንድን ነው የሚመገበው?»

«ጠዋትና ማታ የእናቱን ጡት፣ ቀን ሦስት ጡጦ።»

«ለአንዱ ጡጦ ስንት ማንኪያ ነው የሚያደርጉት?»

«አራት» አሉ እትዬ ሙሉ።

ውሸቱ ሳይጠሩት መጣ። አፋቸው ውስጥ ተቀምጦ ጥያቄውን ሲጠብቅ የከረመ ይመስል፣ ለስላሳና ፈጣን ነበር። ሲስተሯ ካርዱ ላይ ወደ ላይ ሲወጣ የኖረውን መስመር ወደ ታች አጥፋ አሰመረችው። «አራት እየጠጣ ከቀነሰ ሌላ ነገር አለ ማለት ነው። ወይ የእናትየው ወተት ደርቋል፣ ወይ ውስጡ ኢንፌክሽን አለ። ሪፈር እጽፍልዎታለሁ፤ ነገ ሆስፒታል ይዘውት ይሂዱ፤ ደሙ ይታይ።» እትዬ ሙሉ የዚህን የሚያህል ልጅ ደም ከየት እንደሚቀዱ ጠየቁ። «ከእጁ፤ ደም ሥሩ ካልተገኘ ከራሱ ላይ ይወስዳሉ» አለች ሲስተር መሠረት እየጻፈች፤ ክፋት የላትም፣ ሌላ አርባ ልጅ ይጠብቃታል። እውነቱን ለመናገር ያን ጊዜ ጥሩ ሰዓት ነበር። በሩ ተዘግቷል፣ ሲስተሯ አታውቃቸውም፣ ነገ አያገኟትም። እትዬ ሙሉ ግን ወረቀቱን ተቀብለው፣ ልጁን አዝለው፣ አመስግነው ወጡ።

ደጅ ሳይደርሱ ስልካቸው ጮኸ። ናዝሬት ናት፤ በሁለት ጥሪ መሀል ሰርቃ የደወለች። «እማማ፣ ስንት ሆነልኝ?» «ማታ እነግርሻለሁ ልጄ፣ እዚህ ጫጫታ ነው፣ አይሰማም» ብለው ዘጉት። ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ ወፍ እንኳ አልነበረም። ሁለት ውሸት ዋሹ፣ ገና አራት ሰዓት ነው።

መላ መቱ፤ መላቸውም ይህ ነበር። ከፈትሉ ያጠራቀሙት፣ ለፋሲካ ዶሮ ብለው መቀነታቸው ውስጥ የቋጠሩት ገንዘብ አለ። በእሱ የራሳቸውን ጣሳ ገዝተው አልጋቸው ሥር ይደብቃሉ። ከቤቱ ጣሳ ሦስት፣ ከድብቁ አንድ፤ ልጁ አራት ይጠጣል፣ የቤቱ ጣሳም እሑድ ይደርሳል፣ ማንም ምንም አያውቅም። በሁለት ሳምንት ውስጥ የልጁ ኪሎ ይመለሳል። ዶሮው ይቅር። ይህን እያሰቡ ከአስፋልቱ ገባ ብላ ወዳለችው ኑሪ ሱቅ ሲደርሱ እርምጃቸው ሳይቀር ቀለል ብሎ ነበር። ኑሪ ሱቁን ከአባቱ የተረከበ ጎልማሳ ነው፤ እትዬ ሙሉን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቃቸዋል። ከባንኮኒው ኋላ ስኳር በኪሎ እያስቋጠረ ሲደርሱ አየና «ጾሙ እንዴት ይዞዎታል?» ብሎ ቢጫውን ጣሳ ከመደርደሪያው አወረደላቸው፤ ጉንጩ የሞላ ሕፃን አፉን ከፍቶ የሚስቅበትን።

«ሺህ አራት መቶ ሃምሳ» አለ። «ያው ነው፣ አልጨመረም።»

«እንዲያው ኑሪ፣ ይሄ ነገር ለአንድ ልጅ ስንት ቀን ይበቃል?» ለምን እንደጠየቁ አያውቁትም፤ ብር ለመቁጠር ጊዜ መግዣ ነበር።

«ድሮ ሳምንት ይበቃል ይሉኝ ነበር እናቶች። አሁን ሁሉም ነው ቶሎ አለቀብን የሚለው። ምን ይደረግ፣ ቀንሶ!»

«ምኑ ነው የቀነሰው?»

ኑሪ አላወቁም እንዴ በሚል አያቸውና ጣሳውን ገልብጦ ባንኮኒው ላይ በአፉ አቆመው። ከሥሩ የተገጠመውን የፕላስቲክ ክዳን በጥፍሩ ፈልቅቆ ሲያነሳው የጣሳው ቂጥ ወደ ውስጥ የገባ ነበር፤ የጠለቀ፣ የጨለመ፣ ባዶ። «ይኸውልዎት። ከጥር ጀምሮ ነው። በፊት አራት መቶ ግራም ነበር፣ አሁን ሦስት መቶ። እዚህ ጋ፣ ከሥር በትንንሹ ተጽፏል፤ መነጽር ላለው ሰው ነው። እኔም ያወቅኩት ካርቶኑን ስሸከም ቀሎኝ ነው።» ምስማር የሚያስቀምጥበትን አሮጌ ጣሳ ከባንኮኒው ሥር አውጥቶ፣ ምስማሩን ጋዜጣ ላይ ገልብጦ፣ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጣቸው። ቁመታቸው አንድ፣ ውፍረታቸው አንድ፣ ቢጫቸው አንድ፤ የሚስቀውም ያው ሕፃን ነው። የአሮጌው ቂጥ ለጥ ያለ ነው። እትዬ ሙሉ እጃቸውን ጨብጠው ወደ አዲሱ ጣሳ ጉድጓድ ሰደዱት። ጡጫቸው እስከ አንጓቸው ገባ።

«አንተ ልጅ፣ ታዲያ ለምን አልነገርከንም?»

«ማን ጠየቀኝ እትዬ? ደግሞ ለአንዱ ስነግረው እኔ ከፍቼ የቀነስኩ ይመስል ያየኛል። ለስሜ ብዬ ዝም አልኩ።»

እትዬ ሙሉን የያዛቸው ግን ደስታ ነበር። እውነተኛ ደስታ። የለስላሳ ሳጥን ላይ ዘጭ ብለው፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው፣ ሳቅም ልቅሶም የማይመስል ድምፅ አወጡ። አልሰረቁም! መቼም አለመስረቃቸውን ያውቁ ነበር፤ ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ በዝምታ ሲታዩ፣ አንዳንድ ጊዜ ሳላውቀው ነካ አድርጌ ይሆን እንዴ እስከማለት ደርሰው ነበር። አሁን የሚጨበጥ ማስረጃ አላቸው። ሁለቱን ጣሳ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው፣ የግዛቸውን እጅ ይዘው ጉድጓዱ ውስጥ ሊያስገቡት ነው። ኑሪ አሮጌውን ጣሳ «ይውሰዱት፣ ምስማር የትም ይቀመጣል» ብሎ ከአዲሱ ጋር በፌስታል አደረገላቸው።

ዳገቱ ግማሽ ላይ ትንፋሽ ለመውሰድ ቆሙ፤ ያን ጊዜ ነው የገባቸው። ጣሳው ከጥር ጀምሮ ያነሰ ከሆነ፣ ዓርብ መገባደዱ ልክ ነበር። አራቱ ማንኪያ ልክ ነበር። ስህተቱ የመጣው ጣሳው እሑድ መድረስ ሲጀምር ነው። ፋብሪካው ከጣሳው ታች አንድ መቶ ግራም ሰርቆ ሄደ፤ ያን የተሰረቀውን ከልጁ አፍ እየነጠቁ ሲተኩ የከረሙት ደግሞ እሳቸው ናቸው። ማንም አላዘዛቸውም። ደግሞም ይህ ማስረጃ የሚሉት ነገር በደንብ ሲያስቡት ወደ ራሳቸው የዞረ ነው፤ ያነሰው ጣሳ እንዴት ሦስት ሳምንት ሙሉ እሑድ ደረሰ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ካለ፣ መልሱ አንድ ብቻ ነው። ናዝሬት ደግሞ ትጠይቃለች። እትዬ ሙሉ እጃቸውን ወደ ኋላ ልከው ከአንቀልባው የወጣውን እግር ያዙ። ጥለት ሻጯ እውነቷን ነው፤ ቀሏል። አጥንቱ እጃቸው ላይ ተሰማቸው።

ቤት እንደገቡ የመጀመሪያ ሥራቸው ጡጦውን ማዘጋጀት ነበር። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ልጁ ጡጦውን በሁለት እጁ ጨብጦ ዓይኑን ሳይነቅል ጠጣው፤ ሲያልቅ አላለቀሰም፣ ተነፈሰና አያቸው። ከዚያ ተኛ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ያላዩት ዓይነት እንቅልፍ ነበር፤ እጁ ተዘርግቶ፣ አፉ ከፈት ብሎ። ዘጠኝ ሰዓት አለፈ፤ እትዬ ሙሉ ምሳቸውን ማንሳት አቃታቸው። የሪፈሩን ወረቀት ፍራሹ ሥር ከተው አወጡት፤ እንደገና ከተው እንደገና አወጡት። ዝም ቢሉ ይቻላል። ወረቀቱ ጠፋ ቢሉ፣ ሲስተሯ ሚዛኗ ልክ አይደለም ቢሉ፣ ከነገ ጀምሮ አራት ማንኪያ ቢያደርጉ፣ ኪሎው ይመለስ ነበር፤ ስማቸው ግን ከሌብነት ሳይወጣ ይቀራል፣ ከተናገሩ ደግሞ ከዚያ የባሰ ስም ይወጣላቸዋል። ከሁለቱ የቱ እንደሚብስ ቁጭ ብለው ሲያመዛዝኑ ራሳቸውን አገኙትና አፈሩ። አሁንም እኮ የሚያስቡት ስለ ስማቸው ነው። ልጁ ነቃ፤ ሁለተኛ ጡጦ ጠጣ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይም ሦስተኛውን ሙሉ አጠጡት። ካርዱንና ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ጣሳዎቹ ያሉበትን ፌስታል ግን አልጋው ሥር ገፉት።

ናዝሬት ከአሥራ ሁለት ተኩል ትንሽ አልፎ ገባች፤ የኦቾሎኒ ቅቤውን አልረሳችም። ካርዱን ቆማ አነበበችው። ተቀምጣ እንደገና አነበበችው፤ ደሙን ከየት እንደሚቀዱት ጠየቀች፣ እትዬ ሙሉም ሲስተሯ ያለችውን ነገሯት። ግዛቸው ከኋላዋ ገብቶ ቦርሳውን ሲያወርድ ፊቷን አይቶ ወረቀቱን ተቀበላት።

«ሚዛኑ ይሆናል» አለ።

«ሚዛኑ አይደለም። እኔ ነኝ።» አለች ናዝሬት። «ሥራ ቦታ ሽንት ቤት ቆሜ አልቤ ስደፋው ነው የደረቀው። ሁለት ሳምንት ሆነው እንደ ድሮው መፍሰስ ካቆመ፤ ፈርቼ ነው ያልነገርኩህ። ራሱን ሊወጉት ነው፣ ግዛቸው። በእኔ ምክንያት ራሱን ሊወጉት ነው።» ልጇን ከእትዬ ሙሉ እጅ ወስዳ፣ የሸሚዟን ቁልፍ በጥድፊያ ፈትታ፣ ጡቷን ሰጠችው። ልጁ ነካ አድርጎ ተወው። እንደገና አስጠጋችው፤ ፊቱን አዞረ። ለሦስተኛ ጊዜ ስታስጠጋው በእጁ ገፋትና አለቀሰ። ናዝሬት ቀና ብላ ባሏን አየችው፤ እንዲህ ያለ ፍርሃት እትዬ ሙሉ አይተው አያውቁም። «እምቢ አለኝ» አለች። «ጡቴን እምቢ አለ። ታሟል፤ አሁኑኑ እንሂድ። ነገ አልጠብቅም፤ ታክሲ ጥራ።»

ግዛቸው ስልኩን አወጣ።

«ጠግቦ ነው» አሉ እትዬ ሙሉ።

ሁለቱም ዞር አሉ።

«አልታመመም ልጄ። አንቺም ምንም አልሆንሽ። ዛሬ ጠግቦ ነው።»

«ዛሬ ማለት?» አለ ግዛቸው።

እትዬ ሙሉ ጎንበስ ብለው ፌስታሉን ከአልጋው ሥር ሳቡ። ሁለቱን ጣሳ ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አቆሙ፤ አዲሱን ገልብጠው የሥር ክዳኑን አነሱ። ኑሪ የነገራቸውን ነገሯቸው፤ የጥር ወሩን፣ አራት መቶውን፣ ሦስት መቶውን። ግዛቸው ትንንሾቹን ፊደሎች በስልኩ መብራት አነበባቸው፤ እጁን ጉድጓዱ ውስጥ ከተተ፤ ፊቱ በራ። «አየሽ ናዚ! አየሽ! ጣሳው ነው እኮ! እኔ እኮ እማዬ በጾም…» ብሎ፣ ያን ጊዜ እንዳላለው ትዝ ሲለው፣ ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ተወው። «ይቅር በይኝ እማዬ» አለ። እትዬ ሙሉ ይህን ቃል ሦስት ሳምንት ጠብቀውት ነበር። አሁን ሲመጣ ምንም አልጣማቸውም።

ናዝሬት ጣሳዎቹን አላየችም። ልጇን ደረቷ ላይ ለጥፋ እትዬ ሙሉን ታያለች። ቀኑን ሙሉ በስልክ የሰው ታሪክ ስትሰማ ስለምትውል፣ የጎደለው የቱ ጋ እንደሆነ ቶሎ ይገባታል።

«ሦስት መቶ ከሆነ» አለች በቀስታ፣ «እሑድ እንዴት ደረሰ?»

ግዛቸው እጁ አሁንም ጣሳው ውስጥ ነበር።

«ሦስት ማንኪያ ነበር የማደርግለት።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከሰማኋችሁ ቀን ጀምሮ። ጣሳው እንዲደርስልኝ ብዬ ነው። ጠጣችው እንዳትሉኝ ብዬ።» ሌላም ሊሉ አስበው ነበር፤ ስለ አብሽ ውኃው፣ ስለ ጥርሱ፣ ዛሬ ደጋግሞ እንደጠጣና እንዴት አድርጎ እንደተኛ። በዚያ ፈንታ እጃቸውን ልጁን ለመንካት ዘረጉ፤ ናዝሬት ወደ ኋላ ሸሸች። ሆን ብላ አልነበረም፤ ገላዋ ነው የሸሸው። እሷም እንዳየች፣ እሳቸውም እንዳዩ፣ ግዛቸውም እንዳየ ሦስቱም አወቁ።

ናዝሬት ተነስታ የልጇን ብርድ ልብስ አነሳች፤ ትንሹን ትራሱን፣ ጡጦውን፣ ጠዋት የከፈተችውን ጣሳ። የልጁ ዕቃ በእትዬ ሙሉ አልጋ ላይ መኖር ከጀመረ ሁለት ወር ሆኖታል፤ ለቅሞ ለመጨረስ ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ግዛቸው «ናዚ፣ ቆዪ እስቲ» አላት። በሩ ላይ ስትደርስ ዞረች። እንባዋ አገጯ ላይ ደርሷል፤ ድምፅዋ ውስጥ ግን ቁጣ አልነበረም፣ ልመና ነበር።

«ምነው በጠጡት ኖሮ እማማ» አለች። «ምነው እንዳልኩት፣ ሁሉንም በጠጡት ኖሮ።»